የማን እግር ነው?

«ጠብቂ… ጠብቂ… አሁን!» አሉ ካፒቴኑ።

ድንቢጥ ፔዳሉን በቀኝ እግሯ ገፋች። ነፋሱ ከግራ በኩል ይመጣ ስለነበር ትንሿ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ በጎኗ እየተንሸራተተች ነበር ወደ መንደርደሪያው የወረደችው። መሬት ከመንካቷ አንድ ሁለት ሰከንድ በፊት አፍንጫዋ ከመሃለኛው ነጭ መስመር ጋር መስተካከል አለበት። ቀድመው ካስተካከሉት ነፋሱ ከመስመሩ ያስወጣታል፤ ከዘገዩ ደግሞ ጎማዎቹ በጎን ይወድቃሉ። ይህን የሚሠራው እግር ነው። ቁም ነገሩም ፔዳሉን መቼ መርገጥ እንዳለባቸው ማወቅ ነው።

አፍንጫዋ ተስተካከለ። መጀመሪያ የግራው ጎማ፣ ቀጥሎ የቀኙ አስፋልቱን ነካ።

«ይሄ ነው እንጂ!» ካፒቴኑ ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ሙሉ ብርጭቆ ውሃ የያዘ ሰው እንኳ ጠብታ አይፈስበትም ነበር።»

«ካፒቴን፣ ረድተውኛል እንዴ?»

«እኔ? እጄ ጭኔ ላይ፣ እግሬ ወለሉ ላይ። ያንቺው ነው፣ ያንቺው!»

ድንቢጥ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ከጥርሷ አላለፈም። እግሯ ፔዳሉን ከመግፋቱ በፊት ፔዳሉ ከእግሯ ስር የሸሸ መስሏት ነበር። በደረጃ የሚወርድ ሰው አንድ እርከን የቀረው መስሎት ባዶ ሲረግጥ እንደሚሰማው ዓይነት ነገር።

በዚህች አውሮፕላን ውስጥ ሁሉም ነገር ጥንድ ጥንድ ነው። ሁለት መሪ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል፤ አንዱ ለተማሪው፣ አንዱ ለመምህሩ። ሁለቱ ከስር በሽቦ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲረገጥ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፔዳል ብቻውን አይንቀሳቀስም። ወይ የእሷ እግር ነው፣ ወይ የእሳቸው።

*

ከየትምህርት ቤቱ ተወዳድረው ለእረፍት ወራት የበረራ ሥልጠና ከተመረጡት ታዳጊዎች መካከል በዕድሜም በቁመትም ትንሿ እሷ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላት ሁለት ወሯ ነው። መስታወቱ አሻግሮ እንዲያሳያት ሁለት ትራስ ደርባ ትቀመጣለች። «ድንቢጥ» የሚለውን ስም ያወጣላት ራዲዮ ነው። ራዲዮን ደግሞ «ራዲዮ» ያለችው እሷ ናት፤ ምክንያቱም ልጁ ባትሪው አያልቅም። ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል፤ ሲበላም ያወራል፤ አንድ ቀን መቆጣጠሪያ ማማው ላይ ያሉት ሰውዬ «እባክህን ለሌላውም ሰው ትንሽ አየር ተውለት» ብለውታል።

ራዲዮ እሑድ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሊበር ነው። ድንቢጥ ደግሞ በሳምንቱ። የሁለቱም መምህር ካፒቴኑ ናቸው።

ከአውሮፕላኗ ወርዳ በቢሮው መተላለፊያ በኩል አለፈች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ ዛሬ ግን ቆም ብላ አነበበችው። በዚህ ዓመት ብቻቸውን የበረሩ ተማሪዎች ብዛት፣ ከየመምህሩ ስም ፊት። ካፒቴኑ ከሁሉም በላይ ናቸው። ዋና መምህር ሊያደርጓቸው እንደሆነ ከሳምንት በፊት ራዲዮ ነግሯት ነበር።

ታዲያ እሷና ራዲዮ ምናቸው ናቸው? ቁጥር?

ሐሳቡ ልቧን ቆነጠጣት። ካፒቴኑ ያለ ምክንያት የማይቆጡ፣ የተማሪ ጫማ ማሰሪያ ከተፈታ ራሳቸው ጎንበስ ብለው የሚያስሩ ሰው ናቸው። ይሁንና አንዴ የገባ ጥርጣሬ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው፤ ካላወጡት በየእርምጃው ይወጋል።

*

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ነፋሱ ግን እንደ ትናንቱ ከግራ ይነፍሳል። ድንቢጥ በሦስተኛው ዙር ላይ የወሰነችውን አደረገች።

እግሮቿን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች፤ ግን አልረገጠችም። እንደ ላባ ብቻ አስቀመጠቻቸው። መንደርደሪያው እየሰፋ መጣ። ነጩ መስመር በመስታወቱ ቀኝ ጥግ በኩል ሰያፍ ሆኖ ይታያታል። ጥፋት እያደረገች እንደሆነ ታውቃለች፤ በሰው ነፍስ የሚጫወት ሰው ያው ነፍሰ ገዳይ ነው የምትለው እናቷ ትዝ አለቻት።

«ጠብቂ…» አሉ ካፒቴኑ።

«አሁን» የሚለው ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ቀኙ ፔዳል ከእግሯ ስር ሸሸ። በዝግታ፣ በልኩ። አፍንጫዋ ተስተካከለ። የግራው ጎማ፣ ከዚያ የቀኙ።

«ግሩም!» አሉ ካፒቴኑ። «አየሽ? እግርሽ አወቀው። እኔ ዛሬ እንደ ተሳፋሪ ነበር የተቀመጥኩት።»

ድንቢጥ ዞር ብላ አየቻቸው። ፊታቸው ላይ የውሸት ምልክት ፈለገች፤ የዓይን መሸሽ፣ የከንፈር መጣመም፣ ማንኛውንም ነገር። ምንም አልነበረም። ልጁ ፈተና ያለፈለት አባት ይመስሉ ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። ሰው እንዲህ ደስ ብሎት ከዋሸ ከዚያ በኋላ በምን ይታመናል?

ራዲዮን ከአውሮፕላን ማቆሚያው ጀርባ፣ አሮጌ ጎማዎች ከተደረደሩበት ቦታ አገኘችው። ለነገ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ በላስቲክ ይዞ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ነው የዋለው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትሳቅብኝ» አለችው። «ስታሳርፍ መጨረሻ ላይ ፔዳሉ ምን ይሰማሃል?»

«እንዴት ምን?»

«ብቻውን አይሄድብህም?»

ራዲዮ ለአፍታ ዝም አለ። ራዲዮ ዝም ሲል ደግሞ ይታወቃል። «ቀለል ይላል» አለ ቆይቶ። «ሲለምዱት ቀለል ይላል። ችሎታ ይባላል፣ የኔ እመቤት።»

«ዛሬ አልረገጥኩም ራዲዮ። ጭራሽ አልረገጥኩም። አውሮፕላኗ ግን ቀጥ ብላ አረፈች። እሳቸው ናቸው። ከዚያ ‹አልነካሁም› አሉኝ።»

«እና?»

«እናማ ነገ እሳቸው አጠገብህ የሉም።»

ራዲዮ ሸሚዙን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ስሚ፣ ከእኔ ቀድመሽ ለመብረር ከፈለግሽ በቀጥታ ተናገሪ። ሰውዬውን አታጠልሺ። አባዬ ነገ ስድስት ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ሙዴን አታበላሺው፣ እሺ?»

ትቷት ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ለአንድ አፍታ ወደ ኋላ ዞሮ አያት። ድንቢጥ ያ አስተያየት ንዴት ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻለችም።

*

እናቷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። በሥራ መኪናዋ ላይ ከእሷ መቀመጫ ፊት ተጨማሪ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲደነግጥ የምትይዘው። ድንቢጥ ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ እናቷ ከግቢው በር አጠገብ የመኪናዋን ምንጣፍ ግድግዳ ላይ እየመታች አቧራውን ታራግፍ ነበር።

«እማዬ፣ ለተማሪ ፍሬን ረግጠሽለት ‹አልረገጥኩም› ብለሽ ታውቂያለሽ?»

እናቷ ምንጣፉን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ጠየቅኩሽ እንጂ።»

እናቷ ምንጣፉን አስቀምጣ በተከፈተው የመኪናዋ በር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች» አለች። «ቁልቁለት ላይ እንዴት አድርጋ መሰለሽ የምታቆመው! አመሰግናታለሁ፣ ለሌሎቹም እንደ ምሳሌ እጠቅሳታለሁ። መንጃ ፈቃዷን አወጣች። በሳምንቱ የገዛ ባሏን መኪና ይዛ የጎረቤት አጥር ጥሳ ገባች። ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ መጥታ ‹እትዬ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው ያደረግኩት፤ ምን አጠፋሁ?› አለችኝ።»

«አንቺ ነበርሽ የምትረግጪው?»

«አልረገጥኩም ብዬ ማልኩ። በልጄ፣ በአንቺ! ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ነገረኛ ሰው ነው እግዜር ይስጠው፣ ሳላይ ፍሬኔ ላይ ጠመኔ ቀባ። ከሌላ ተማሪ ጋር ዞሬ ስመለስ ‹ጫማሽን አንሺ› አለኝ። ነጭ።» እናቷ ሳቀች፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። «እግር ፈሪ ነው ልጄ። ባለቤቱን አያማክርም። እኔ እየዋሸሁ አልነበረም። የገዛ እግሬን አላውቀውም ነበር።»

ድንቢጥ ከትናንት ጀምሮ በልቧ ካፒቴኑን ስትከስ ነበር፤ ሰሌዳውን፣ ሹመቱን፣ ሁሉንም ነገር ደርድራ። ይህኛው ግን ያላሰበችው ነው።

«የማን እግር ነው ያስጨነቀሽ?» አለች እናቷ።

ድንቢጥ ሁሉንም ነገረቻት፤ የራሷን ጥፋትም ሳትደብቅ። እናቷ ጆሮዋን ይዛ አንዴ ጠመዘዘቻት፣ ከዚያ ግንባሯን ሳመቻት። ከመኪናው ኪስ ውስጥም አንድ ጠመኔ አውጥታ ሰጠቻት። ለተማሪዎቿ መሬት ላይ መስመር የምታሰምርበት ነው።

*

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማቆሚያው ውስጥ ማንም አልነበረም። መንደርደሪያው ዳር የተሰቀለው ብርቱካናማ የነፋስ ከረጢት ወደ ጎን ተወጥሮ ይርገበገባል። ድንቢጥ የአውሮፕላኗን የቀኝ በር ከፍታ ወደ ካፒቴኑ ፔዳሎች ጎንበስ አለች። ጠመኔው በእጇ ነው።

«ምንድነው የምትሠሪው?»

ራዲዮ ነበር። ነጩን ሸሚዝ ለብሷል፤ የእጥፉ መስመር ገና አልጠፋም። ዓይኑ ከእጇ ወደ ፔዳሉ፣ ከፔዳሉ ወደ እጇ ተመላለሰ።

«እኔ በምበርበት ቀን፣ እኔ የምበርባት አውሮፕላን ውስጥ ምን ትነካኪያለሽ?»

«ምንም አልነካሁም…»

«አይቼሻለሁ እኮ!»

ድንቢጥ ራሷን በራዲዮ ዓይን አየችው፤ ማንም ሳይኖር የሰው አውሮፕላን ውስጥ የተንጠለጠለች፣ እጇን የምትደብቅ ልጅ። ሰውን ተደብቃ ልትይዝ መጥታ ራሷ ተያዘች።

«ምን ተፈጠረ?» የካፒቴኑ ድምፅ ከኋላ መጣ። የራዲዮን የበረራ ደብተር በብብታቸው፣ ብዕራቸውን በጆሯቸው ላይ ይዘዋል። «ቤተሰብህ አጥሩ ጋ ደርሷል። እኔና አንተ ሁለት ዙር እንዞርና ከዚያ እወርድልሃለሁ። ሰማዩ ያንተ ነው።»

ድንቢጥ ከአውሮፕላኗ ወረደች። እጇን ዘረጋች። ጠመኔው መዳፏ ላይ ነበር።

«ካፒቴን፣ በሳምንቱ ብቻዬን እንድበር እንዳይፈርሙልኝ» አለች። «ሠላሳ አንድ ጊዜ አሳርፈሻል ብለውኛል። እኔ ግን አንዱም የእኔ አይመስለኝም። ፔዳሉ ከእግሬ ቀድሞ ይሄዳል። ትናንት ጭራሽ አልረገጥኩም።»

«አልረገጥሽም?» ካፒቴኑ ብዕሩን ከጆሯቸው አወረዱ። «ከመሬት አንድ ሜትር ላይ ሆነሽ?»

«አዎ። ጥፋቴ ነው። ለእሱ ይቅጡኝ።»

«ነክቼ ነው ‹አልነካሁም› ያልኩሽ? ውሸታም ነኝ?»

«አይደሉም። መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር፤ አልደብቅዎትም። አሁን ግን የሚያውቁት አልመሰለኝም።»

ከአጥሩ ወዲያ የሰው ሳቅ ይሰማል። ራዲዮ መሬት መሬቱን ያያል። የካፒቴኑ የአንገት ሥር ሲገተር ድንቢጥ አየችው፤ ሊጮሁባት ነው ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ጠመኔውን ከመዳፏ ወሰዱ፣ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ሁለቱን ፔዳሎች ነጭ እስኪሆኑ ቀቡ፣ የጫማቸውን ሶል በጨርቅ ጠረጉ።

«ግቢ» አሉ። «አንቺ ትነጂያለሽ። ራዲዮ፣ ጠብቀን።»

ሞተሩን ያስነሳችው፣ እስከ መንደርደሪያው የነዳችው፣ ወደ ሰማይ ያወጣቻትም እሷ ናት። ካፒቴኑ እግሮቻቸውን ወደ መቀመጫው ስበው ወለሉ ላይ አጣበቋቸው። በመንገዱ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ድንቢጥ ዙሩን ጨርሳ ወደ መንደርደሪያው ስትዞር ነፋሱ ከወትሮው በርትቶ ነበር፤ አፍንጫዋን ይበልጥ ወደ ግራ አዞረች። በዚህ ጊዜ ለመርገጥ ነው የመጣችው። ከልቧ። ነጩ መስመር ቀረበ፣ አስፋልቱ ተነሣ፣ እግሯን አዘጋጀች፣ ልትገፋ ስትል…

ፔዳሉ ሸሸ።

አውሮፕላኗ እንደ ወትሮው ቀጥ ብላ አረፈች።

ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ድንቢጥ ሞተሩን አጠፋች። ካፒቴኑ ወረዱና የክንፉን ደጋፊ ብረት ይዘው ቀኝ እግራቸውን አነሱ፣ ፈረሰኛ የፈረሱን ኮቴ እንደሚመረምር። የሶላቸው ፊተኛ ግማሽ ነጭ ነበር። በጣታቸው ነኩት። ጣታቸውን አዩት።

«ወለሉ ላይ ነበር» አሉ በዝግታ። «እምላለሁ፣ ወለሉ ላይ ነበር የማውቀው።»

«አውቃለሁ» አለች ድንቢጥ።

«አንድ ተማሪ ነበረኝ። ከብዙ ዓመት በፊት። በእንዲህ ያለ ነፋስ ‹ይሞክረው› ብዬ አንድ ሰከንድ ዘገየሁበት።» ትከሻቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ተርፏል። ሁለታችንም ተርፈናል። ከዚያ ወዲህ እግሬ መጠበቅ ያቃተው ይመስለኛል።» ቀና ብለው ሁለቱንም አዩአቸው። «ሰሌዳው ላይ ከስሜ ፊት ስንት ተማሪ እንዳለ ታውቃላችሁ? ሁሉም በሰላም ነው ያሳረፉት። በሰላም ያሳረፉት ግን ብቻቸውን በበረሩበት ቀን ነፋስ ስላልነበረ ይሁን ስለቻሉ አላውቅም።»

የራዲዮን ደብተር ሳይፈርሙበት ዘግተው መለሱለት። «ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ። ለሌላ መምህር ትሰጣላችሁ። እኔም ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ እግሬን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ለማሠልጠኛው ዳይሬክተር አሁኑኑ ልነግራት ነው።»

ወደ ቢሮው በኩል ሄዱ። በየእርምጃቸው የቀኝ ጫማቸው ግራጫው ሲሚንቶ ላይ ነጭ ዱካ ይተው ነበር፣ እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ።

ድንቢጥ ራዲዮ እንዲጮህባት ጠበቀች። መብቱ ነው ብላ አሰበች። እሱ ግን የአውሮፕላኗ ጎማ ላይ ቁጭ አለ፤ ስለ ሸሚዙም ግድ አልሰጠው።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ፔዳሉን። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ። ትናንት ስትጠይቂኝ እኮ ፈርቼ ነው ትቼሽ የሄድኩት።»

ድንቢጥ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «እና ዛሬ ብቻህን ልትነሣ ነበር?»

ራዲዮ ወደ አጥሩ ቀና አለ። የነፋስ ከረጢቱ ከሩቅ ሲርገበገብ ይሰማ ነበር። ከሽቦው አጥር ወዲያ ቀጭኑ የራዲዮ አባት እጃቸውን ከፍ አድርገው አወዛወዙ፤ በሌላኛው እጃቸው ስልካቸውን ለቪዲዮ ደግነዋል። ከጎናቸው ሴቶችና ልጆች ቆመዋል፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው ደግሞ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል።

«ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል» አለ ራዲዮ። «ምን ልበለው?»

የራዲዮ አባት ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያዩት እሷን እንደሚሆን ድንቢጥ ታውቃለች፤ ጠመኔ ይዛ የመጣችውን ልጅ። ሠልጣኞችን የሚያመላልሰው አውቶቡስ በሩ ተከፍቶ ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል። ሹፌሩ «ድንቢጥ፣ እየሄድን ነው!» አላት።

«ሂዱ፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ» አለች።

ከዚያ ወደ ራዲዮ ዞረች። «አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልጀምርልህ?»

ራዲዮ ተነሥቶ የሱሪውን ቂጥ አራገፈ።

«እኔ እነግረዋለሁ» አለ። «አንቺ ግን አጠገቤ ቁሚ።»

ወደ አጥሩ አብረው ሄዱ።